ስርቅታ

ሠራተኛ ሠፈር፣ ቁልቁለቱ መሐል፣
ሠላሳ ሦስት ዓመት ይህ እጅ መጋዝ ስቧል፤
ሙዘይን ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ጫፍ፣
ግንዱ በመካከል፣ ሰጋቱራው ሲረግፍ።
መጋዝ መሳብ እንጂ መገፋት አይወድም፤
የገፋኸው ለታ ይጎብጣል፣ አይሄድም።
እሱ ሲስብ የኔ እጅ ይላላል፣
እኔ ስስብ የሱ ይከተላል።
ግንድ የሚገምሰው ጉልበት አልነበረም፤
ጓደኛን ማድመጥ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለም።

ሙዘይን ሲቀበር እግሬ ማበጥ ጀምሯል፤
ጫማዬ ሲመሽ አልወልቅ ብሎ ያድራል።
ሦስት ትራስ ደርቤ ቁጭ ብዬ ስተኛ፣
ቁርጥ የባንክ ዘበኛ።
በቸርችል ቁልቁለት እስከ ጥቁር አንበሳ፣
ቁልቁለት ነው እንጂ! ትንፋሼ ግን ሳሳ።
አራቴ ተቀመጥሁ፣ ሊስትሮ ወንበር ላይ፣
ጫማ ያስጠረግሁ መስዬ፣ ድካሜ እንዳይታይ።
ሐኪም ቤት ስደርስ ጫማዬ ያበራል፤
ከጫማው በላይ ያለው ሰው ያንገራግራል።

ዶክተር ረድኤት ዘረጋችው የወረቀቱን መስመር፣
«ይኸውልዎ ጋሽ ዘርጋው፣ እዚህ ጋ ነው ነገር።»
አየሁት። የመጋዝ ጥርስ! ግን ሞረድ የሳተው፣
ሰፊ፣ ጫፉ መንታ፣ መሳል የናፈቀው።
«ትእዛዝ ከላይ ሲወርድ ቀኙ ቶሎ ይሰማል፤
የግራው ሽቦ ተበጥሷል፣ ወሬው ዘግይቶ ይደርሰዋል።
ቀኙ ጨምቆ ሲጨርስ ግራው ገና ይጀምራል፤
ደሙም መሐል ቤት ይዋልላል።»
«ገባኝ» አልኋት፣ «አንዱ ሲስብ አንዱ እየገፋ ነው።»
«አይ» ብላ ሣቀች፣ «መጋዝ ተራ አለው፤
ልብ ግን እኩል ነው የሚጨምቅ፣ ባንድ አፍታ።»
እሺ አልኋት ለይምሰል። እንጨት አታውቅ፣ ልጅ ናት፣ ይቅርታ።

መሣሪያው ውድ ነው፣ የቤት ካርታ አይበቃው፤
ካርታም የለኝ እንጂ፣ ቤቱን ዶዘር በላው።
ስድስት ወር ጠበቅሁ።
«ተገኘ» አሉኝ አንድ ማለዳ። ባሕር ማዶ አንድ ሰው ሞቶ፣
ባትሪው ገና ሳያልቅ ባለቤቱ ቀድሞት አልቆ፣
ዘመዶቹ ሰጥተውት፣ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣
እንደ ሰልባጅ ኮት መጣልኝ፤ ኪሱ ግን አይፈተሽ ነበር።
ስሙን ጠየቅሁ። «አይነገርም ጋሼ፣ ደንብ ነው፣ ምስጢር።»

አላስተኙኝም። ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ደነዘዘ።
ሁለቱ ሽቦ ቶሎ ገቡ፤ ሦስተኛው እምቢ አለ፣
የግራውን ልብ የሚዞር ደም ሥር ሲፈልግ ዋለ።
የልቤ ጓሮ ጉራንጉር ነው፣ እንደ እሪ በከንቱ መንደር፣
ጎብጦ፣ ግድግዳ ዳብሶ ካልሆነ ሰው የማይሻገር።
ሁለት ሰዓት ፈጀ። «ያዘ» አለች ባንድ ቃል።
ከግድግዳው ባሻገር የታክሲ ረዳት ይጮኻል፤
«ለገሃር! ስታዲየም! አንድ ሰው! አንድ ሰው ይሞላል!»

አንድ ሰው።
ሞላ።

በሦስተኛው ቀን ስርቅታ ያዘኝ፣ በግራ ጎኔ ስተኛ፤
ህቅ፣ ደግሞ ህቅ፣ እንደ አስቸጋሪ እንግዳ፣ በር አንኳኪ፣ ሌሊተኛ።
ስርቅ ያለው ሰው ስሙ ተነሥቷል ይባላል።
ማን ያነሳኛል?
ልጄ እንዳልል እፊቴ ናት።
ዕድሩ እንዳልል መዋጮዬን ከፍያለሁ።
ሙዘይን? እሱ በቁሙም ዝምተኛ ነበር።
ወይስ ያ ሰውዬ፣
ስሙን ያልነገሩኝ፣
ስሜን ያልነገሩት?

ዶክተር ረድኤት ግን ወዲያው ደረሰችበት፤
ሽቦው ከልቤ አልፎ የትንፋሼን ጅማት ነክቶት።
ኮምፒውተር ከፈተች፣ ደረቴ ላይ አንዳች ነገር አስቀምጣ፣
ጉልበቱን ቀነሰችለት፤ ስርቅታው ቀጥ አለ፣ ዳግመኛም አልመጣ።

ትናንት ቸርችልን ሽቅብ ወጣሁ፣ አንዴ ብቻ ቆሜ።
ሊስትሮው ወንበሩን አቀረበ፣ አወቀኝ፣ የድሮ ደንበኛው ነኝ፣ ወዳጁ፣ ባለዕዳው።
«ዛሬ ይቅር» አልሁት። «አቧራውን ልየው።»

ሌሊት ግን፣ ልጄ ስትተኛ፣
በግራዬ እዞራለሁ፤
ያነሳኝ እንደሆን ብዬ ጆሮዬን እጥላለሁ።
ዝም።
እኔ ነኝ እንግዲህ የማነሳው።
ስሙን ስለማላውቅ «አንተዬ» እለዋለሁ፤
እሱ ሲስብ፣
እጄን አላላለሁ።